ከጂሃድ በፊት ቃሚሽሊ ውስጥ ማን ይጫወት ነበር?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ስዊድን ውስጥ ሶደርቴልየ ከተማ ይኖራል። አብሮት የሚሠራ የሶርያ ተወላጅ አለ። ይህ ሰው ቡና በተጠጣ ቁጥር ስለ አያቱ ያወራል። አያቱ ቃሚሽሊ በምትባል የሶርያ የድንበር ከተማ «ራፊደይን» የሚባል ክለብ ሲጀመር ከተጫወቱት ልጆች አንዱ ነበሩ ይላል። ጠያቂያችን ኢንተርኔቱን ሲያገላብጥ የሚያገኘው ግን በ1962 የተመሠረተውን አል ጂሃድ የተባለውን የከተማዋን ክለብ ነው። «ሰውየው እያጋነነ ይሆን እንዴ? በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ከተማ ክለብ እንዴት ይቋቋማል? ወጪውን ማን ይሸፍን ነበር? ክለቡስ የት ገባ?» ሲል ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ጓደኛህ አላጋነነም። ከጂሃድ በፊት ቃሚሽሊ ውስጥ የሱርያኒዎች፣ ማለትም የጥንቱ የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያኖች፣ ክለብ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ራሳቸውን አሦራውያን የሚሉም፣ ሱርያኒ ወይም አራማውያን የሚሉም አሉ። እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሶደርቴልየ እየኖርክ በደንብ ሳትሰማው አትቀርም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የእንዲህ ዓይነት ክለብ ታሪክ ከኳስ አይጀምርም። መጀመሪያ የተሰባሰበ ሰው ነበር። ኳሱ በኋላ መጣ። ይህን ካልያዝክ የክለቡ አጀማመርም አዘጋጉም አይገባህም።

ከከተማዋ እንነሳ። ቃሚሽሊ ጥንታዊ አይደለችም። ፈረንሳዮች ሶርያን በሞግዚትነት በሚያስተዳድሩበት ጊዜ፣ በ1926፣ የተቆረቆረች ናት። ፊት ለፊቷ ያለችው ንጽቢን ግን ጥንታዊ ናት። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ስሟን ያውቃል፤ የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ አገር ናት። በ1921 ፈረንሳይና ቱርክ አንካራ ላይ ሲስማሙ ድንበሩ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ንጽቢን ቱርክ ውስጥ ቀረች። ከሐዲዱ ወዲህ ጃግጃግ የምትባለዋ ወንዝ የምታልፍበት ሜዳ ለሶርያ ደረሰ። ቃሚሽሊ የበቀለችው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ማን ሰፈረባት? በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ሱርያኒዎችና አርመኖች ከማርዲን፣ ከሚድያትና ከዲያርባክር አካባቢ መጡ። የንጽቢን አይሁዶች ሐዲዱን ተሻግረው ሱቅ ከፈቱ። ኩርዶች መጡ፤ አረቦችም መጡ። በ1933 ደግሞ ኢራቅ ውስጥ ሲሜሌ ላይ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ የሸሹ አሦራውያን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ካቡር ወንዝ ዳር ሰፈሩ። በአጭሩ፣ የአገሬው ሰው የሚባል ብዙም ያልነበረባት ከተማ ናት። ሁሉም መጤ ነው። ሁሉም የየራሱን ሰው ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቃሚሽሊም የማር ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ስሙ የንጽቢኑ ያዕቆብ ነው፤ የኤፍሬም መምህር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከትምህርት ቤቱ ደግሞ የስካውት ቡድን ወጣ።

ስካውቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። በሌቫንት ምድር፣ ማለትም በሶርያና በሊባኖስ፣ የስካውት እንቅስቃሴ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የገባ ነው። በፈረንሳዮች ዘመን ደግሞ በየሰፈሩና በየሃይማኖቱ ተዛመተ። ፖለቲካ በጥርጣሬ ይታያል። ሰልፍ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ስካውት ግን ይፈቀዳል። ልጆቹ ካኪ ቁምጣ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ስካርፕ አስረው፣ ከበሮና ጥሩምባ ይዘው በዋናው መንገድ ያልፋሉ። በዓል ሲሆን ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ታላቅ እንግዳ ሲመጣ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ክለብ ምን እንደሚያስፈልገው አስብ። የአባላት ዝርዝር ያስፈልገዋል፤ ስካውቱ ጋ አለ። ገንዘብ ያዥ፣ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ልጆቹ የሚፈሩት አለቃም እዚያው አለ። ልብሱ እንኳ አንድ ዓይነት ነው። የቀረው ኳስ ብቻ ነው። ስለዚህ ክለቡ ከባዶ አልተመሠረተም። በቆመ ቤት ላይ አንድ ክፍል እንደ መጨመር ነው። የራፊደይን መነሻም ይኸው የሱርያኒ ስካውት ነው።

የኢራቁ መንገድ የተለየ ነበር። ያንንም ልጥቀስልህ፤ ሰው ስለሚያደባልቀው። ኢራቅ ውስጥ አሦራውያን ኳስ የለመዱት እንግሊዞች ጋ ነው። ብዙዎቹ ለእንግሊዝ ወታደሮች ወይም ሠራተኞች ሆነው በሃባንያ የአየር ኃይል ሰፈር ይኖሩ ነበር። በኋላ የኢራቅ ኮከብና ዝነኛ አሠልጣኝ የሆነው አሞ ባባ የወጣው ከዚያ ነው። እዚያ የጦር ሰፈሩ ሜዳም፣ ኳስም፣ ዳኛም ነበረው። ቃሚሽሊ ውስጥ እንዲህ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም። የፈረንሳይ ጦር በከተማዋ ነበር፤ ክለቡን የወለዱት ግን ቄሱ፣ አስተማሪውና ነጋዴው ናቸው።

ይህ የሱርያኒዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። አርመኖቹን ተመልከት። ሆመኔትመን የሚባለው የአርመኖች የስፖርትና የስካውት ማኅበር በ1918 ኢስታንቡል ተመሠረተ። ከዚያ አገር ያጣው ሕዝብ በሄደበት አብሮት ሄደ። የሶርያዋ ሐለብ (አሌፖ) ላይ በ1925 ክለብ ሆነ፤ ዛሬ አል ያርሙክ ይባላል። የሐለብ ክለብ ሲጀመር እኮ የአርመን ልጆች አዲስ አበባም ደርሰው ነበር። ከእየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ የነበረው በዚያው ሰሞን ነው። በኋላ በ1944 የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲጀመር ከተሰለፉት አምስት ቡድኖች አንዱ አራራት ነበር፤ የአዲስ አበባ አርመኖች ቡድን። ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶን ይዘው ቀረቡ፤ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበረ፤ ዋንጫውን የወሰደው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። አየህ፣ ማኅበረሰብ ይዞት የሚመጣው ክለብ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ማን ከፈለ?

የመጀመሪያው መልስ መዋጮ ነው። ተጫዋቹ ራሱ ያዋጣል። ደሞዝ የለም፤ ጉርሻም የለም። የልብስ ሰፊው ልጅ ማልያ ያሰፋል። ጫማ ሰፊው የአዘቦት ጫማ ሥር የቆዳ ቁራጭ በምስማር መትቶ ታኬታ ያደርገዋል። ምስማሩ ሲበላ ወደ ውስጥ ይወጣና እግር ይወጋል። ሁለተኛው ምንጭ ዝግጅት ነው። እንዲህ ያሉ ክለቦች በትምህርት ቤት አዳራሽ ቲያትር ያሳያሉ፣ የሙዚቃ ምሽት ያዘጋጃሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ። ለዚህ ነው በድሮ ፎቶዎች ላይ የኳስ ቡድኑና የሙዚቃ ቡድኑ አብረው የሚታዩት። ብዙ ጊዜ ሰዎቹም ያው ናቸው።

ሦስተኛው የከተማው ሀብታም ነው። እዚህ ላይ ቃሚሽሊ ዕድለኛ ነበረች። አካባቢው ጀዚራ ይባላል፤ የሶርያ የእህል ጎተራ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ስንዴና ጥጥ ገበያው ደራ። ትራክተርና ኮምባይነር ገባ። ይህን ሥራ ከመሩት መካከል አስፋርና ናጃር የሚባሉት የክርስቲያን ነጋዴ ቤተሰቦች ይገኙበታል። በሰፊ መሬት ላይ በማሽን ማረስን ወደ ጀዚራ ካስገቡት ግንባር ቀደሞች ናቸው። ከእርሻ የመጣው ገንዘብ ሱቁንም፣ ሲኒማ ቤቱንም፣ ትምህርት ቤቱንም አቆመ። የክለቡም ኑሮ ከዚያ ነው። መኸሩ ሲያምር ቡድኑ አዲስ ማልያ ይለብሳል። ዝናብ ሲጠፋ ያረጀው ይጠገናል።

ስለ ኳሷም ላውጋህ፤ የጓደኛህን አያት ስትጠይቃቸው መነጋገሪያ ትሆንሃለች። የዚያ ዘመን ኳስ ላይዋ ቆዳ ነው። ውስጧ የጎማ ከመነዳሪ አለ። አንድ በኩል የተሰነጠቀ አፍ አላት። ከመነዳሪው በዚያ ይገባል፤ በብስክሌት መንፊያ ይነፋል፤ የከመነዳሪው አንገት ይታጠፍና በክር ይታሰራል። ከዚያ አፏ እንደ ጫማ በቆዳ ማሰሪያ ይጠላለፋል። ማሰሪያው ላይ ጉብ ያለ ነገር ይቀራል። ኳሷን በቴስታ ስትመታ ጉብታው ግንባርህ ላይ ካረፈ ቆዳህን ይልጠዋል። የድሮ ተጫዋቾች ኮፍያ ወይም ሻሽ የሚያስሩት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ቆዳው ውኃ ይጠጣና ክብደቷ ሌላ ይሆናል። ከጨዋታ በኋላ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ከመነዳሪውን መለጠፍ አለ። ይህን የሚያደርግ ልጅ ይመደባል። ኳሷ ቤቱ የምታድር ልጅ በሰፈሩ ትልቅ ሰው ነው። ባያሳልፍ እንኳ ይሰለፋል፤ ሰበቡ ግልጽ ነው።

ሜዳው ከከተማው ዳር ያለ ደልዳላ መሬት ነው። ሣር የለውም። የጀዚራ በጋ እሳት ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ክረምቱ ደግሞ ጭቃ ነው። መስመሩ በኖራ ይሰመራል፤ ንፋስ ሲመጣ ኖራው ይጠፋል። ከዚያ ኳሷ ወጣች አልወጣችም ጭቅጭቅ ነው።

ከማን ጋር ይጫወቱ ነበር? ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም። የሶርያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1936 ነው፤ በ1937 ፊፋን ተቀላቀለ። ብሔራዊ ሊጉ ግን የተጀመረው በ1966 ነው። በመሀሉ 30 ዓመት አለ። በእነዚህ 30 ዓመታት የትንሽ ከተማ ክለብ የሚኖረው በወዳጅነት ጨዋታና በአካባቢ ዋንጫ ነው። ጎረቤቶቹ ሐሰካ፣ አሙዳ፣ ዴሪክ ናቸው። በከተማው ውስጥም የአርመኑ፣ የኩርዱና የአረቡ ልጅ የየራሱን ቡድን ይዞ ይመጣል። ሩቅ ከተባለ ዴር አዞር ነው።

ሐለብ መሄድ ደግሞ ሌላ ጉዞ ነው። ባቡሩ ከሐለብ ተነስቶ ወደዚህ ሲመጣ በቱርክ መሬት በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ሐዲዱ ራሱ ድንበር ስለሆነ። አስበው፣ አባቶቻቸው ሸሽተው ከወጡበት አገር በመስኮት እያዩ ለኳስ ጨዋታ የሚሄዱ ልጆች። አለዚያ ያለው አማራጭ የጭነት መኪና ነው። እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ ቡድኑ ይሳፈራል። ጉዞው ከ400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የደረሰ ቡድን በእንግዳ ተቀባዩ ማኅበር አባላት ቤት ተከፋፍሎ ያድራል። ሆቴል የሚከፍል የለም። ሲመለሱም የወሬው ግማሽ ስለ ጨዋታው፣ ግማሹ ስለ ራቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፤ የት ገባ?

ክለቡ በውጤት ማጣት አልተዘጋም። የጣለው ራሱ የቆመበት መሠረት ነው። ክለቡ የማኅበረሰብ ማኅበር ነው ብያለሁ። መንግሥት ማኅበርን መጠራጠር ሲጀምር ኳሷም አብራ ተጠረጠረች።

ነገሩ እንዲህ ሄደ። በ1958 ሶርያ ከግብፅ ጋር ተዋሐደች። ፓርቲዎች ፈረሱ። በዚያው ዓመት የማኅበራት ሕግ ቁጥር 93 ወጣ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ማቋቋምም ማፍረስም በመንግሥት እጅ ሆነ። ነጋዴዎቹም ተመቱ፤ የመሬት አዋጁ በዚያው ዓመት ትልልቅ እርሻዎችን ቆረጠ። እንግዲህ ገንዘቡም ፈቃዱም በአንድ ጊዜ ጠበበ። በ1961 ውሕደቱ ፈረሰ፤ ጥርጣሬው ግን አልፈረሰም። በ1962 በጀዚራ ልዩ የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ ኩርዶች ዜግነታቸውን አጡ። የዚህ አዋጅ ቁጥርም አጋጣሚ ሆኖ 93 ነው። ድንበር ላይ ያለች፣ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ በደማስቆ ዓይን የስጋት ቦታ ሆና ነበር።

የሱርያኒዎቹ ክለብ የተዘጋው በዚሁ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አል ጂሃድ የተመሠረተው በ1962 ነው፤ የከተማዋ ሁሉ ክለብ ሆኖ። ተጫዋች እንደሆነ የትም አይሄድም። ሜዳውም ያው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ስለዚህ ጓደኛህ «አያቴ ራፊደይን፣ አጎቴ ጂሃድ» ቢልህ አትገረም።

ቀሪው የመላ አገሪቱ ታሪክ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። በመጋቢት 1963 የባዝ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ1967 የግልና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገቡ። በየካቲት 1971 አጠቃላይ የስፖርት ፌዴሬሽን በአዋጅ ተቋቋመና ክለቦች ሁሉ በእሱ ሥር ሆኑ። በዚያ ሰሞን የክለብ ስም እንደ ጉድ ተቀየረ። የሆምሱ ኻሊድ ኢብን አልወሊድ አል ካራማ ሆነ። የሐለቡ አህሊ አል ኢቲሃድ ሆነ፤ አህሊ የሚለውን ስም መልሶ ያገኘው በ2022 ነው። እኛም በደርግ ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስን «ቢራ» ብለን ነበርና ነገሩ አይጠፋህም። ልዩነቱ ጊዮርጊስ ስሙ ተቀይሮም ደጋፊው እዚያው ሰፈር መቆየቱ ነው። የቃሚሽሊ ሱርያኒ ግን መሰደድ ጀምሮ ነበር።

ኢንተርኔቱ ጂሃድን ብቻ የሚያሳይህም ለዚህ ነው። ሠንጠረዥ የሚጀምረው ሊግ ከተጀመረበት ነው። ከ1966 በፊት የነበረና ወደ ሊጉ ያልገባ ክለብ ሠንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። ስለ ጂሃድ ስትፈልግ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣልህ መጋቢት 12 ቀን 2004 ነው። ከዴር አዞሩ አል ፉቱዋ ጋር በሚጫወትበት ቀን ስታዲየም ውስጥ የተነሳው ግጭት ወደ ከተማው ወጣ። በተከታዮቹ ቀናት ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኩርዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋን ኳስ የሚያነሳ ሁሉ እሱን ነው የሚያነሳው። የቀደመው ታሪክ ከሥሩ ተቀብሮ ቀረ።

አንተ ግን ያለህበት ቦታ ለዚህ ሥራ ይመቻል። በ1967 ሊባኖስ ውስጥ አገር አልባ ሆነው የቆዩ 200 ያህል ሱርያኒዎች በስደተኝነት ስዊድን ገቡ። ብዙዎቹ ሶደርቴልየ ቀሩ፤ ዘመድ ዘመዱን ጠራ። እዚያም ያደረጉት ያንኑ ነው። መጀመሪያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከዚያ ኳስ። አሲሪስካ በ1974፣ ሲሪያንስካ በ1977። አሲሪስካ በ2005፣ ሲሪያንስካ በ2011 የስዊድን ከፍተኛ ሊግ ገብተዋል። የእነዚህን ክለቦች አጀማመር በቅርብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በአጠገብህ አሉ። የቃሚሽሊን ዘዴ በመጽሐፍ ከመፈለግ እነሱን መጠየቅ ይቀላል።

እንዴት ትጠይቃለህ? «ስንት ለስንት አሸነፋችሁ» ብለህ አትጀምር። ውጤት ሰው ይረሳል፤ ከረሳ ደግሞ ያሳምረዋል። «ገንዘብ ያዡ ማን ነበር? ኳሷ ማን ቤት ታድር ነበር? ማልያውን ማን ሰፋው?» በል። እነዚህን ማንም አይረሳም። መልሱ የሰው ስም ነው፤ ስሙ ደግሞ ወደ ሌላ ቤት ይወስድሃል።

ፎቶ ካለ ፊቱን ብቻ አትይ። ጀርባውን ገልብጥ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ይነግርሃል። ከፊት የተቀመጠችውን ኳስ ተመልከት፤ የድሮ ቡድኖች ዓመቱን ወይም የክለቡን ስም በነጭ ቀለም ይጽፉባት ነበር። ዳር ላይ የስካውት ስካርፕ ያሠረ ወይም የቄስ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ፣ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም፤ ስሙን ጠይቅ። ጽሑፉ በሱርያኒ ፊደል ከሆነ ራፊደይን ሳይሆን «ቤት ናህሪን» የሚል ልታገኝ ትችላለህ፤ ሁለቱም ስሞች ያው ሁለቱን ወንዞች፣ ጤግሮስንና ኤፍራጥስን፣ የሚያመለክቱ ናቸው። በአረብኛ ስትፈልግ «ናዲ አል ራፊደይን» ከሚለው ጋር ቃሚሽሊን ጨምርበት። አለዚያ ኢራቅ ውስጥ ያለው ራፊደይን የሚባል ባንክና ሱቅ ሁሉ ይግተለተልብሃል።

ከተቻለህ ደግሞ አርመኖቹንና ኩርዶቹንም ጠይቅ። የአንድን ክለብ ታሪክ ባላጋራው በደንብ ያስታውሰዋል፤ በተለይ የተሸነፈበትን ቀን።